ጣርማ በር ገደል ላይ የተከልኳት የነፋስ ተርባይን፦ የአሥር ወር ሪቪው ከነአሞራዎቹ

400 ዋት ተብላ ነው የተሸጠችልኝ፣ በአሥር ወር ውስጥ አንድም ቀን 400 ዋት አይቼባት አላውቅም፣ ይሄን መጀመሪያ ልናገርና ይውጣልኝ። ግን ደሞ ብሬን በላችው ብዬ ላለቅስ አይደለም የመጣሁት። እቃዋ ትሰራለች። ችግሩ የት ትተከል የሚለው ላይ ነው፣ እሱን ደግሞ የነገረኝ ሻጩ ሳይሆን አሞራ ነው፣ እደርስበታለሁ።

ቤቴ ከጣርማ በር ወደ መዘዞ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፣ ጣሊያን ከሰራው ዋሻ ብዙም አይርቅም። ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ፣ ቅቅል፣ ጥብስ፣ ሽሮ፣ ሻይ፣ የመንዝ መንገድ ሹፌሮች ያውቋታል። መብራት እዚህ አንዴ እልም ካለ መቼ እንደሚመጣ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው፣ ሶላር አንድ አለችኝ ግን ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ በር ድረስ ገብቶ ቁጭ ሲል ሶላር ጌጥ ነው። ነፋስ ግን አለ። የኛን ሀገር ነፋስ የማያውቅ ሰው ካለ አንድ ቀን ጋቢውን ሳያጥፍ ገደሉ አፋፍ ላይ ይቁም፣ ጋቢው ደብረ ሲና ላይ ይገኛል።

ስለዚህ ባለፈው ኅዳር መርካቶ ወርጄ ከአንድ የሶላር እቃ ከሚሸጥ ሱቅ በ38 ሺህ ብር ገዛኋት። ቻይና ሰራሽ ናት፣ ይሄ ነው የሚባል ስም የላትም፣ ካርቶኑ ላይ የነፋስ ስእል ብቻ ነው ያለው። ውስጡ ጀነሬተሯ፣ ሦስት የፕላስቲክ ክንፍ፣ ጭራ፣ ወደ ባትሪ የሚገባውን ኮረንቲ የሚቆጣጠር ኮንትሮለርና አንድ ፌስታል ብሎን አለ። ብሎኑ አንድ ጎድሏል። ማኑዋሉ በቻይንኛ ነው፣ ስእሉን እያየሁ ነው የገጠምኩት። ምሰሶና ባትሪ ለብቻ ነው፣ እሱን ሻጩ ብር ከከፈልኩ በኋላ ነው የነገረኝ፣ ልብ በሉ። ምሰሶውን ከውሃ ቱቦ 6 ሜትር አስበየድኩ፣ በአራት የብረት ገመድ ወጠርኩት፣ ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ጨመርኩ፣ ሁሉም ተደምሮ ከተርባይኗ ያልተናነሰ ብር ወጣ።

አሁን ስለ ዋቱ። 400 የተባለው ነፋሱ በሰከንድ 12 ሜትር ሲሆን ነው፣ ይሄ እኮ ቆርቆሮ የሚያነሳ ነፋስ ነው፣ በየቀኑ አይመጣም። የነፋስ ነገር ደግሞ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ በግማሽ አይደለም የሚቀንሰው፣ ስምንት እጥፍ ነው የሚወርደው። ስለዚህ 6 ሜትር በሰከንድ ሲነፍስ፣ እሱም ጥሩ ነፋስ ነው፣ 400ዋ 50 ትሆናለች። በዚያ ላይ ከ3 ሺህ ሜትር ከፍታ በላይ ስትሆኑ አየሩ ከባህር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል ስስ ነው፣ ስስ አየር ክንፉን በደንብ አይገፋም፣ 50ዋ ወደ 40 ትወርዳለች። ይሄን ነው ሻጩ የማይነግራችሁ። 40 ዋት ግን አትናቁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲነፍስ ካደረ ስድስት አምፖል እስከ ማታ 5 ሰዓት፣ የሹፌሮቹን ስልክ ሁሉ ቻርጅ፣ ቲቪዋን ለዜና። ያሰብኩትም ለዚሁ ነበር።

እና ወደ ገደሉ። ሻጩ "ነፋስ የሚበዛበት ቦታ ትከላት" አለኝ፣ እኔም ሳልውል ሳላድር ከምግብ ቤቱ ጀርባ አፋፉ ላይ፣ ከጫፉ አሥር እርምጃ በማትሞላ ቦታ ተከልኳት። እውነትም ትበራለች! ከሸዋ ሮቢት በኩል ያለው ቆላ ሲሞቅ አየሩ ገደሉን ተከትሎ ሽቅብ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ይፈጥናል፣ ታኅሣሥን በሙሉ ባትሪዬ ሞልቶ እየፈሰሰ ነበር፣ ባለቤቴ እንኳን "አንዳንዴም ታውቃለህ" ብላኛለች።

ያላሰብኩት ነገር ቢኖር ያንን አየር እኔ ብቻ አይደለሁም የምፈልገው። አሞራ ክንፉን ማራገብ አይወድም፣ ከባድ ነው፣ ጉልበት ይጨርስበታል፣ ስለዚህ ገደሉን ተከትሎ የሚወጣውን አየር ተደግፎ ዝም ብሎ ይንሳፈፋል፣ ልክ ሹፌሮቹ ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥተው እንደሚለቁት በሉት (አትልቀቁ ደሞ፣ ጣርማ በር ላይ ስንቱ ነው የተገለበጠው)። ማለትም ለተርባይን ምርጥ የሆነው ቦታ የአሞራ አስፓልት ነው። እኔ መሀል አስፓልት ላይ ነው ምሰሶ የተከልኩት።

ሌላ ጥፋት ደግሞ አለብኝ። የቅቅሉን አጥንት የት ነበር የምንደፋው? ከተርባይኗ ሰላሳ እርምጃ ላይ፣ ገደሉ ጫፍ። ለዓመታት እዚያው ነው የምንደፋው፣ ማን ያስብለታል።

ጥር ውስጥ አንድ እሁድ፣ ቅዳሜ ማታ በግ ታርዶ ስለነበር አጥንቱ ብዙ ነው፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ጀበናውን ይዤ ወጣሁ። ያ ጢማሙ አሞራ መጣ። ታውቁታላችሁ፣ ደረቱ ብርቱካናማ፣ ከአፉ ስር ጥቁር ጢም ያለው፣ አጥንት ይዞ ሽቅብ ወጥቶ ቋጥኝ ላይ ጥሎ እየሰበረ የሚበላው። ክንፉን ሲዘረጋ ሁለት ሜትር ተኩል ይሆናል፣ የኔ ተርባይን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሜትር ከሰላሳ ናት፣ እሱ እጥፏ ነው። አፋፉን ተከትሎ ዝቅ ብሎ እየመጣ ነው፣ አንገቱን ወደ ታች ደፍቶ አጥንቱን ብቻ ነው የሚያየው። በግ የሚጠብቀው የጎረቤቴ ልጅ "ጋሼ! ጋሼ! ሊመታው ነው!" ብሎ ጮኸ። ልቤ ቀጥ አለች። የመጨረሻው ሰዓት ላይ ጋደል አለና በሁለት ክንድ ርቀት አለፈ፣ የክንፉን ድምፅ ሰማሁት፣ ሹው የሚል፣ ጀበናው እጄ ላይ ቀረ።

ያኔ ነው የገረመኝ፣ አሞራ ከሰማይ ሆኖ የሞተ አህያ የሚያይ ፍጡር እንዴት ፊቱ ላይ ያለውን ነገር አያይም? ማታ ቁጭ ብዬ ሳነብ ነገሩ የታወቀ ነው ለካ። የጥንብ አንሶችን እይታ ያጠኑ ሰዎች እንዳሉት ከጭንቅላታቸው በላይ ሰፊ የማይታያቸው ቦታ አለ፣ ፀሐይ አይናቸው ውስጥ እንዳትገባ ነው ይባላል፣ እና መሬት ለማየት አንገታቸውን ሲደፉ ያ የማይታየው ቦታ ልክ ወደሚሄዱበት አቅጣጫ ይዞራል። ቀና ብሎ የሚበርበት ምክንያትም የለው፣ ሰማይ ላይ ምን ሊያጋጥመው፣ ከጥንት ጀምሮ ባዶ ነበር። በነገራችን ላይ የሩፔል የሚባለው ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. በ1973 አቢጃን ሰማይ ላይ 11 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል፣ እዚያ ድረስ ይወጣል ማለት ነው፣ እኛ ጋም ገደሉ ላይ የሚያድረው ይኸው ዘር ነው።

ሰው "ድመት ከተርባይን በላይ ወፍ ትገድላለች" ይላል፣ እውነት ነው፣ በቁጥር ካየነው ድመትም መስታወትም መኪናም ይበልጣሉ። ግን ድመት ድንቢጥ ነው የምትይዘው፣ ድንቢጥ ደግሞ በዓመት ስንቴ ትፈለፍላለች። ጥንብ አንሳ በዓመት አንድ እንቁላል ነው፣ ጢማሙ ሁለት ቢጥል እንኳን የሚያድገው አንድ ነው፣ ለመውለድም ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። አንድ ትልቅ አሞራ ስትገድል የጠፋውን የሚተካ ቶሎ አይመጣም። የሩፔሉ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ ነው። እሱን ያደረሰው ግን ተርባይን አይደለም፣ በዋናነት መርዝ ነው፣ ለጅብና ለውሻ ተብሎ ስጋ ላይ የሚደረገው፣ ሌላው ደሞ ሽቦ ላይ ሲቀመጥ ኮረንቲ የሚይዘው። ተርባይን በዚያ ላይ ሲጨመር ነው ነገሩ የሚከፋው።

ማግስቱን ልነቅላት ነበር፣ ባለቤቴ "አጥንቱን አንሳው መጀመሪያ" አለችኝ፣ እውነቷን ነው። አጥንት መድፊያውን ወደ ታችኛው ሜዳ፣ ከቤቱ ራቅ አድርገን ወሰድነው። የካቲት ላይ ደግሞ ተርባይኗን ከአፋፉ 150 ሜትር ያህል ወደ ኋላ፣ ከድንች ማሳው ዳር አመጣኋት። የከፈልኩት ምንድነው፣ የሚገባው ቻርጅ በሲሶ ያህል ቀነሰ፣ ኬብሉ ወፍራም ይሁን ብዬ ሌላ ብር አወጣሁ። ያገኘሁት ደግሞ ድምጿ ቀነሰ፣ አፋፉ ላይ ሳለች ነፋሱ ከታችም ከጎንም ስለሚመጣ ጭራዋ እንደ ሰካራም ትወዛወዝ ነበር፣ አሁን ረጋ ብላለች። ጢማሙ አሁንም በአፋፉ ያልፋል፣ እሷ ጋ ግን አይመጣም።

አሁን ስለ ቀለሙ። ኖርዌይ ውስጥ ስሞላ የሚባል ደሴት ላይ የባህር ንስር በተርባይን እያለቀባቸው አንዱን ክንፍ ጥቁር ቀቡት፣ አራት ተርባይን ላይ ሞክረው የሚሞተው ወፍ ከ70 በመቶ በላይ ቀነሰ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ነው የወጣው። ምክንያቱ ሦስቱም ነጭ ሲሆኑ በፍጥነት ሲዞሩ ለወፏ አይን ጭጋግ ይሆናሉ፣ አንዱ ጥቁር ሲሆን ግን ብልጭ ብልጭ እያለ ይታያታል። እኔም ይሄን አንብቤ ከበሩ የተረፈ ቀለም አለኝ ብዬ አንዷን ክንፍ ጥቁር ቀባኋት። ሞኝነት! ትንሽ ተርባይን ላይ የቀለሙ ክብደት ራሱ ሚዛን ያስታል፣ ማታ ነፋሱ ሲመጣ ምሰሶው እንደ ወፍጮ ቤት ተንቀጠቀጠ፣ ብሎኖቹ ላሉ፣ በሌሊት ጋቢ ለብሼ ወጥቼ አቆምኳት። በኋላ የተቀሩትን ሁለቱንም ክንፎች በዚያው መጠን ነጭ ቀለም ቀብቼ፣ በኩሽና ሚዛን እየመዘንኩ ነው የተስተካከለው። መቀባት ከፈለጋችሁ ሦስቱንም ቀቡ፣ አንዱን ጥቁር ሁለቱን ነጭ፣ መዝኑ።

የገደለችው ወፍ አለ? አዎ አንድ፣ የማውቀው ማለት ነው። እሷም ክንፏ አይደለም የገደለው፣ መወጠሪያ ሽቦው ነው። ሐምሌ ላይ ጉም እጅ ለእጅ በማያሳይበት ጠዋት አንዲት ዋኔ፣ አንገቷ ላይ ነጭ ያለባት፣ ሽቦው ስር ወድቃ አገኘኋት፣ ገና ትሞቃለች። ሌላም ቀን ላባ አይቻለሁ ሬሳው የለም። ውሻዬን ነው የምጠረጥረው። ይሄ ነገር ቀላል አይምሰላችሁ፣ ትልልቆቹ ተርባይኖች ስር የሞተ ወፍ የሚቆጥሩ ሰዎች ትልቁ ራስ ምታታቸው ይኸው ነው፣ ሌሊት ቀበሮና ጅብ ይወስደዋል፣ ጠዋት ሄደህ ምንም የለም ብለህ ትመዘግባለህ። ስለዚህ ሆን ብለው ሬሳ አስቀምጠው ስንት ቀን እንደሚቆይ ለክተው ነው ቁጥሩን የሚያርሙት። "አንድም ወፍ አልሞተም" የሚላችሁ ሻጭ ካለ ውሻ አለህ ወይ በሉት። ሽቦዎቹ ላይ አሁን የቢራ ቆርኪና ቢጫ የፕላስቲክ ቁራጭ አንጠልጥያለሁ፣ ቤቴ የልደት ቤት መስሏል፣ ከዚያ ወዲህ የተመታ አላየሁም።

እኛ አካባቢ ደግሞ አንድ ቀን ትልልቆቹ ይመጣሉ የሚል ወሬ ሁሌ አለ፣ ነፋሱ እንዲህ ሆኖ ማን ዝም ይላል። እኔ እንዲመጡ ነው የምፈልገው፣ ልንገራችሁ። ናዝሬት ስሄድ አይቻቸዋለሁ፣ አዳማ አንድ 34 ናቸው 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ ሁለት 102 ናቸው 153 ሜጋ ዋት፣ ያምራሉ። ግን የኔዋ ክንፍ ጫፍ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚሄደው፣ የነሱ ደግሞ ከሩቅ ቀስ ብለው የሚዞሩ ይመስላሉ እንጂ ጫፋቸው ከዚያ ይፈጥናል፣ ክንፉም ረጅም ነው፣ አንዱ አለፈ ብሎ ወፏ ስትገባ ሌላኛው ይደርሳል። እኛ ጋ ደግሞ የአንኮበር ሰሪን የምትባል ቡናማ ትንሽ ወፍ አለች፣ ገደል ዳር ነው ኑሮዋ፣ ለሳይንስ የታወቀችው እንኳን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው፣ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለችም። ለሷ ትልቁ አደጋ ክንፉ ላይሆን ይችላል፣ መንገዱና ቁፋሮው ነው፣ አፋፉን ካረሱባት የት ትሄዳለች።

ይሄን ምግብ ቤት ውስጥ ሳነሳ አንድ ሹፌር "አሞራ ቢያልቅ ምን ይጎድልብሃል፣ ዶሮ ያተርፋል" አለ። ሽማግሌው ጎረቤቴ ካቲካላቸውን አስቀምጠው "ልጄ፣ ዶሮ የሚበላው ጭልፊት ነው፣ ጥንብ አንሳማ ቆሻሻህን ነው የሚበላው፤ የሞተ በቅሎህን ማን ሊቀብርልህ ነው፣ አንተ?" አሉት። ሹፌሩ ሂሳብ ከፍሎ ሄደ።

መፍትሔ የለውም እንዳይባል፣ ስፔን ታሪፋ አካባቢ ጥንብ አንሳ ሲቀርብ ሰው እያየ አደገኛ የሆኑትን ተርባይኖች ብቻ እየመረጡ ማቆም ጀመሩ፣ የሚሞተው በግማሽ ቀነሰ፣ የጠፋው መብራት ደግሞ 0.07 በመቶ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ነው። ግብፅም ቀይ ባህር ዳር ገበል ኤል ዘይት ላይ ፈላሽ ወፎች ሲመጡ ያቆማሉ። እኔ ይሄን አንብቤ ስቄያለሁ፣ ምክንያቱም የኔ ኮንትሮለር ላይ ማቆሚያ ማብሪያ አለች፣ ቀይ፣ እሁድ እሁድ በግ ሲታረድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀትር አቆማታለሁ፣ ባትሪዬ ምንም አልሆነም። ማብሪያዋን ግን ነፋስ በጣም ሲበረታ አትንኩ፣ ጀነሬተሩ ይሞቃል፣ ትንሽ ረገብ እስኪል ጠብቁ።

የቀረውን ቶሎ ልበል። ድምጿ አፋፉ ላይ መጥፎ ነበር አሁን ደህና ነው። ውርጭ አልጎዳትም፣ ጥር ላይ ክንፏ ላይ ነጭ ሆኖ ሲያድር ጠዋት ፀሐይ እስኪመታት አልለቃትም። ኮንትሮለሩ በስድስተኛ ወሩ ተቃጠለ፣ ሱቁ "ነፋሳችሁ በዝቶ ነው" አለኝ፣ የነፋስ እቃ ሸጦልኝ ነፋስ በዛ! ሌላ በራሴ ብር ገዛሁ። ባትሪው ሲሞላ ትርፉን ወደ ሙቀት የሚቀይረው ሳጥን ያለውን ግዙ፣ የመጀመሪያው አልነበረውም፣ የተቃጠለውም ለዚያ ይመስለኛል።

ከአምስት ኮከብ ለእቃዋ ሦስት እሰጣለሁ፣ ለሱቁ አንድ። ሜዳ ላይ ለሆናችሁ፣ ደብረ ብርሃን ዙሪያ ላላችሁ ለምሳሌ፣ ከሶላር ጋር አጣምራችሁ ብትገዙ አልቃወምም። ገደል ዳር ላላችሁ ግን ከመትከላችሁ በፊት አንድ ሳምንት ወንበር አውጥታችሁ ከጠዋት 3 እስከ ከሰዓት 10 ቁጭ ብላችሁ አሞራው በየት እንደሚያልፍ እዩ፣ ከዚያ ውጭ ትከሉ። አጥንት አጠገቧ አትድፉ።

አሁን ጥቅምት ነው፣ የፈረንጅ ሀገር ንስሮች መምጣት ጀምረዋል፣ በየመን በኩል ባብ ኤል መንደብን ተሻግረው ጅቡቲ የሚገቡት። እ.ኤ.አ. በ1987 መከር ላይ እዚያ ቆመው የቆጠሩ ሰዎች ከ240 ሺህ በላይ አዳኝ ወፍ አይተዋል። ትናንት ሰባት ሆነው በአፋፉ ሲያልፉ ልጁ እንደገና "ጋሼ" ብሎ ጠራኝ፣ ማብሪያዋን ወደ ታች አድርጌያት ስለነበር ቡናዬን ይዤ ቆሜ አየኋቸው። የኮንትሮለሩን ሞዴል የምትፈልጉ ጠይቁኝ፣ አራተኛ ክንፍ ትርፍ የት እንደሚሸጥ የሚያውቅ ካለ ደግሞ እባካችሁ ንገሩኝ፣ አንዷ ጫፏ ላይ ተሰንጥቃለች።